ብቻሽን ለምትሄጂ፦ ከጎንደር ተነስቶ ለረጅም ዕረፍት የሚሆን የባሕር ዳርቻ ከተማ አመራረጥ

የባሕር ዳርቻ ፎቶ ሁሉ ረፋድ ላይ የተነሳ ነው። ውሃው ሰማያዊ፣ አሸዋው ነጭ፣ ዙሪያው ጭር ያለ። አንድ ወር ወይም ሁለት ወር ብቻሽን ልትቀመጪ ከሆነ ግን ከተማውን የሚፈትነው ምሽቱ ነው። ምድር ወገብ አጠገብ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እምብዛም ሳትርቅ ትጠልቃለች፤ ከዚያ ወዲያው ይጨልማል። ከቤትሽ ወጥተሽ፣ በእግርሽ ሄደሽ፣ እራት በልተሽ የምትመለሺበት ከተማ ያቆይሻል። ይህ የማይቻልበት ከተማ ባሕሩ የቱንም ያህል ቢያምር በሁለተኛው ሳምንት ግዞት ይሆንብሻል። ከዚህ በታች ያለው አመራረጥ በዚህ መለኪያ ላይ የቆመ ነው። የሚያተኩረውም ከጎንደር ሳይከብድ በሚደረስባቸው በኬንያና በዛንዚባር ዳርቻዎች ላይ ነው።

1. ከከተማው በፊት ፓስፖርትሽን እዪ

ብዙ ሰው መጀመሪያ ከተማ ይመርጥና ኋላ ስለ ቪዛ ይጠይቃል። ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። በፓስፖርቱ ጀምሪ።

ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ቪዛ አትጠይቅም፤ በዚህ ምክንያት ብቻ እንኳ ዝርዝሩ ላይ ቀዳሚ ናት። ዛንዚባር በታንዛኒያ የመግቢያ ደንብ ሥር ስለሆነች ከመቁረጥሽ በፊት የታንዛኒያን መንግሥት የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ገጽ ራስሽ ክፈቺ፤ ጓደኛሽ ባለፈው ዓመት የነገረችሽን አትመኚ። ሌላም ወጪ አለ፦ ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው በዚያው የሚሸጠውን የጉዞ መድን በ44 ዶላር መግዛት ግዴታው ነው። ከዚህ የገዛሽው መድን አይተካውም። ሲሼልስ ቪዛ አትጠይቅም፣ በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ፈቃድ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ክፍሉም ምግቡም ውድ ስለሆነ ለ10 ቀን እንጂ ለሁለት ወር አይሆንም። ጅቡቲ ቅርብ ናት፤ በእኛ ክረምት ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ አይታሰብም። ምጽዋ በብዙ ጎንደሬ ልብ ውስጥ አለች፤ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የነበረው በረራ በ2024 እ.ኤ.አ. ከተቋረጠ ወዲህ ግን ለዕረፍት የሚታቀድባት ቦታ አይደለችም።

ፓስፖርትሽ ከምትመለሺበት ቀን በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይቅረው፤ ባዶ ገጾችም ይኑሩት። ቀኖቹ የፈረንጅ መሆናቸውን አትርሺ። ሐምሌ 1 ማለት ጁላይ 8 ነው፤ ክፍል በሐምሌ 1፣ ቲኬት በጁላይ 1 ተይዞ ለሳምንት ያህል ማደሪያ ያጣች መንገደኛ የመጀመሪያዋ አትሆኚም።

ድንበር ላይ ማኅተም ሲመታልሽ ከመስኮቱ ሳትርቂ ስንት ቀን እንደተፈቀደልሽ አንብቢ። መኮንኑ የሚጽፈው አንቺ የጠየቅሽውን ያህል ላይሆን ይችላል። መራዘም ካስፈለገ ቀኑ ሳያልፍ ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄደሽ አመልክቺ፤ በኬንያ ዳርቻ፣ ሞምባሳ ላይ ቢሮ አለ።

ቦሌ ላይ ብቻዋን የምትወጣ ወጣት ሴት ጥያቄ ይበዛባታል፤ መኮንኖቹ በሥራ ስም የሚታለሉ ሴቶችን ስለሚፈልጉ ነው። ቅር አይበልሽ፣ ተዘጋጂ። የመመለሻ ቲኬት፣ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ ቀናት የማደሪያ ማረጋገጫ፣ ከመሥሪያ ቤትሽ የዓመት ፈቃድ ደብዳቤ፣ የግል ሥራ ካለሽ የንግድ ፈቃድ ኮፒ በወረቀት ያዢ። «ስልኬ ላይ አለ» የሚለው መልስ ባትሪ ሲያልቅ ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ አይሠራም።

2. ወቅቱን በእኛ ወር አስዪው

የምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ የሚኖረው በሁለት ነፋስ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚነፍሰው ካስካዚ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣ ነው፤ ባሕሩ ይረጋል፣ ውሃው ይጠራል፣ ሙቀቱ ግን ቀን ከ30 ዲግሪ ያልፋል፣ ሌሊቱም አይበርድም። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ኩሲ የሚባለው ከደቡብ ይነፍሳል፤ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ባሕሩ ይናወጣል፣ በኬንያ ዳርቻዎች ላይም ማዕበሉ የባሕር ሣር አምጥቶ ይከምራል። ሣሩ አይጎዳም፤ ይሸታል ግን፣ ዋናውንም ደስ የማይል ያደርገዋል። ትልቁ ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ነው፣ ትንሹ ጥቅምትና ኅዳር።

ጎንደር ላይ ሰማዩ የሚደፋበት ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ዓመቱ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ነው፤ 22 እና 28 ዲግሪ መካከል ይዋልላል። መምህር ከሆንሽና ዕረፍትሽ ክረምት ብቻ ከሆነ ዕድለኛ ነሽ፦ ከደጋ ለወጣ ሰው የሚችለው ሙቀት ይኸው ነው። ብዙ መዋኘት ካሰብሽ ደግሞ ጥምቀትን እዚሁ ውለሽ በጥር መጨረሻ ውጪ፤ የፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ሽሚያ አልፎ የክፍል ዋጋ ረገብ ይላል፣ ባሕሩም ገና ረጋ እንዳለ ነው። ግንቦት ላይ ዋጋው እጅግ ይወርዳል፤ ይህ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ትንንሾቹ ከተሞች ላይ ምግብ ቤቶች ለዕድሳት ይዘጋሉ፣ መንገዱ ሰው ያጣል፣ ብቻዋን ላለች ሴት ምሽቱ ይረዝማል። ርካሽ ነው ተብሎ የሚሄድበት ወር አይደለም።

የረመዳንን ቀን አስቀድመሽ እዪ። ዛንዚባር ላይ በጾሙ ወር ቀን ቀን ብዙ ምግብ ቤት ይዘጋል፣ መንገድ ላይ መብላትም ነውር ነው። ሌሊቱ በአንጻሩ ይደምቃል። ጾም ለማታውቅ ሰው ይከብዳል፤ ለአንቺ የሁዳዴን አኗኗር ማስታወስ ነው።

3. ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት እወቂ

ጣናን የምታውቅ ሴት ይህን አትገምትም፦ ሕንድ ውቅያኖስ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከሙላት እስከ ሽሽት 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይገፋል። ዛሬ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ሞልቶ ያየሽው ቦታ ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት አሸዋና ድንጋይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጨረቃ ስትሞላና ስትወለድ ልዩነቱ ይበረታል፤ ኬንያ ዳርቻ ላይ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል እስከ 4 ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት ይታያል። በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ ፓጄና ጃምቢያኒ ላይ ውሃው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ የባሕር አረም የሚያለሙ ሴቶች እየተራመዱ ይሠሩበታል። በሰሜን ጫፍ ያለችው ኑንግዊ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ መዋኘት ይቻላል።

ስለዚህ ማደሪያውን በስልክ ስትጠይቂ «ባሕሩ ቅርብ ነው?» አትበዪ፤ ሁሉም አዎን ይላል። «በሽሽት ጊዜ ውሃው እስከ ምን ድረስ ይሄዳል? ያን ጊዜ የሚዋኘው የት ነው?» በዪ። የሙላት ሰንጠረዥ በኢንተርኔት በየከተማው ስም ይገኛል፤ የምትቆዪበትን ወር አውጥተሽ ስክሪን ሾት አድርጊ።

ዋና የማትችዪ ከሆነ፣ በጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ ዘሎ መውጣት ዋና አይባልም፣ ከዳርቻው ራቅ ብሎ የኮራል ድንጋይ እንደ አጥር የቆመለትን ቦታ ምረጪ። በኬንያ ዳርቻ ያሉት ዲያኒና ዋታሙ እንዲህ ናቸው፤ ማዕበሉ ድንጋዩ ላይ ተሰብሮ ይቀርና ውስጡ ያለው ውሃ ይረጋል። በአጥሩ መካከል ክፍተት ባለበት ግን ውሃው ወደ ውጭ ይስባል። ከሳበሽ ወደ ዳርቻው ፊት ለፊት አትታገይ፣ ጉልበትሽን ይጨርሰዋል፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኚ፣ ከስበቱ ስትወጪ ተመለሺ። ውኃው በሚሸሽበት ሰዓት ወደ ክፍተቱ አትጠጊ። ድንጋዩ ላይ ጥቁር እሾኻም ፍጥረት አለ፣ ባዶ እግር ከረገጥሽው እሾኹ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፤ ርካሽ የላስቲክ ጫማ ያድንሻል። ደግ ነገሩ፣ በሐይቅና በወንዝ ዳር የሚያሰጋው ቢልሃርዚያ ጨው ውሃ ውስጥ የለም።

4. ከተሞቹን በምሽት መለኪያ አወዳድሪ

ጎንደር ቁጭ ብለሽ ልትሠሪው የምትችዪው ፈተና አለ። ካርታውን በስልክሽ ክፈቺ፤ ካሰብሽው ክፍል ተነስተሽ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት የሚከፈት ምግብ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ሱቅና ኤቲኤም ድረስ ያለውን ርቀት ለኪ። አራቱም በ800 ሜትር ውስጥ፣ ያውም ቤትና ሱቅ ባለበት መንገድ ላይ ከሆኑ ጥሩ ነው። በመካከሉ የሆቴል ረጅም አጥር፣ ቁጥቋጦ ወይም ባዶ መሬት ካለ ርቀቱ 300 ሜትር ቢሆንም በሌሊት በእግር አትሄጂበትም። ከዚያ ብቻቸውን የቆዩ ሴቶች የጻፉትን አስተያየት ፈልጊ፤ «ምሽት»፣ «መብራት»፣ «ጥበቃ» የሚሉት ላይ አተኩሪ። ስለ ቁርሱ የጻፉትን ዝለዪው።

ዋታሙ ከሞምባሳ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የባሕር ፓርኳ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለለ ነው፣ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዲ ፍርስራሽ በጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ይገኛል፣ የመንደሩ መሐልና ባሕሩም በእግር ይገናኛሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ለምትወጣ ሴት የእኛ ቀዳሚ ምርጫ ናት። ድክመቷ ትንሽነቷ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ያውቅሻል። ይህ ጥበቃም ነው፣ ወሬም ነው፤ ጎንደር ላደገ ሰው አዲስ አይሆንም።

ኪሊፊ በሞምባሳና በዋታሙ መካከል ናት። ፕዋኒ ዩኒቨርሲቲ ስላለባት የተማሪ ከተማ ናት፤ ምግቡ ርካሽ ነው፣ ማታ ማታ ሰው አለ፣ ጎንደር ላይ የተማሪ ሰፈር የሆነውን ማራኪን የምታውቅ ልጅ ስሜቱን ወዲያው ትይዘዋለች። ዋና የሚዋኝበት ቦፋ ዳርቻ ግን ከከተማው መሐል ራቅ ይላል፤ ቀን በባጃጅ ትሄጃለሽ። ሁለት ወር ለመቀመጥና ወጪ ለመቆጠብ ከሁሉም ትሻላለች።

ዲያኒ ከሞምባሳ በስተደቡብ ናት፤ በፎቶ የሚታየው ነጭ አሸዋ በአብዛኛው የእርሷ ነው። አሸዋው እውነት ነው። ችግሩ ከተማዋ በአንድ ረጅም አስፋልት ላይ የተዘረጋች መሆኗ ነው፤ ሆቴል ከሆቴል ይራራቃል፣ ማታ ያለ ባጃጅ አይወጣም። ከመረጥሻት ከገበያ ማዕከሎቹ አንዱ ሥር ተከራዪ። ከሞምባሳ ስትሄጂ በሊኮኒ ጀልባ ከመሻገር ይልቅ የዶንጎ ኩንዱን መንገድ የሚይዝ ታክሲ ጠይቂ፣ ሻንጣ ይዞ ከጀልባው ግፊያ ያድናል። መስኮትም ዝጊ፦ የሰሜን ተራሮች ጭላዳ ሣር ይግጣል፣ የዲያኒ ጦጣ ግን ዳቦሽን ከጠረጴዛ ላይ ነው የሚያነሳው።

የዛንዚባርን አሮጌ ከተማ ስቶን ታውንን በምሽት መለኪያ ማንም አይደርስባትም። በ2000 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ከተማ ናት፣ በባሕሩ ዳር ባለው ፎሮዳኒ አደባባይ ማታ ማታ የምግብ ገበያ ይቆማል፣ ቤተሰብ ከነልጆቹ ይመጣል። ለመዋኘት ግን አትሆንም፣ ወደብ ናት። ቶሎ የምትሰለቺ ከሆነ ሁለት ሳምንት እዚህ፣ የቀረውን ጃምቢያኒ ወይም ኑንግዊ አድርጊው። ጠባቦቹ መተላለፊያዎች ሁሉም ይመሳሰላሉ፤ ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ቀድመሽ አውርጂ።

በኬንያ ሰሜናዊ ዳርቻ ያለችው ላሙ ደሴት ውብ ናት፣ መኪና የሌለባት የአህያ ከተማ። ነገር ግን በዋናው መሬት በኩል ያለው የላሙ መንገድ ላይ የታጠቁ ኃይሎች ጥቃት ሲፈጸም ቆይቷል። በአውሮፕላን ብቻ ይኬዳል፤ ለመጀመሪያ ጉዞ አንመክራትም።

5. ክፍሉን በሳምንት እንጂ በወር አትያዢ

ለሁለት ወር ቀድሞ መክፈል ቅናሽ ያስገኛል፤ ያስራልም። 7 ሌሊት ብቻ ከፍለሽ ሂጂ። በአምስተኛው ቀን ባለቤቱን «ወር ሙሉ ብቀመጥ ስንት ታደርግልኛለህ?» በዪው። ፊት ለፊት የሚገኘው የወር ዋጋ ኢንተርኔት ላይ ካለው የሌሊት ዋጋ በ30 ሲባዛ ከሚመጣው ብዙውን ጊዜ ያንሳል። ስትስማሚ መብራቱ በሒሳቡ ውስጥ መሆኑን ጠይቂ፤ ኤር ኮንዲሽነር ያለበት ክፍል ላይ መብራት ለብቻ የሚታሰብበት ቦታ ብዙ ነው። ፋን ይበቃሻል።

ክፍሉን ስታዪ የሚመረመረው እንዲህ ነው፦ በሩ ከውስጥ በብረት መቀርቀሪያ ይዘጋል? የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ፍርግርግ አለው? የወባ አጎበሩ ቀዳዳ አለው? የቧንቧው ውሃ ጨዋማ ነው? ዳርቻ ላይ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ጨው ይቀላቅላል፣ ፀጉርም ልብስም ያበላሻል፤ የሚጠጣውን ደግሞ ለብቻ መግዛት አለ። ፎቅ ከምድር ቤት ይሻላል፣ ነፋስ ያገኛል፣ ከመንገድም አይታይም። የሌሊት ዘብ መኖሩን አረጋግጪ። ዘቡን «አስካሪ» ይሉታል፣ በጣሊያን ጊዜ ከሰማነው ቃል ጋር አንድ ነው፤ እዚህ ግን ስሙን ጠይቀሽ በየማታው ሰላም የምትዪው ሰው ነው። ከካሜራ ይበልጥ የሚጠቅምሽ እሱ ነው።

6. ጤና

ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ኬንያም ታንዛኒያም ቢጫ ካርድ ይጠይቁሻል። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ካርዱም ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። በመጨረሻው ሳምንት አዲስ አበባ ደርሰሽ እከተባለሁ ካልሽ ድንበር ላይ ትያዣለሽ። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጨርሺው።

ከጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ወደ ባሕር ወለል ስትወርጂ የሚከብደው ከፍታው አይደለም፣ ሙቀትና ወበቁ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ከአምስት እስከ አሥር ሰዓት ጥላ ሥር ዋዪ፣ ከጥምሽ በላይ ጠጪ፣ ምግብሽ ጨው ይኑረው። ራስ ምታትና ድካም ከመጣ መጀመሪያ ውሃ ነው፣ ቡና አይደለም።

ወባ ዳርቻው ላይ አለ። መከላከያውን ሐኪም ያዝልሽ፤ ምርጫዎቹን ግን አውቀሽ ግቢ። ዶክሲሳይክሊን ርካሽ ነው፦ በቀን 100 ሚሊ ግራም፣ ከመግባትሽ 1 ወይም 2 ቀን ቀድሞ ተጀምሮ ከወጣሽ በኋላ 4 ሳምንት ይቀጥላል። ከምግብና ከብዙ ውሃ ጋር ይዋጣል፣ ከዋጥሽ በኋላ ወዲያው አትተኚ፣ ጉሮሮ ያቃጥላል። ቆዳን ለፀሐይ ያስጠቃል፤ ባሕር ዳር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሴቶች ላይ የብልት ፈንገስ ሊያመጣ ስለሚችል የፈንገሱን መድኃኒት አብረሽ አስጽፊ። ለነፍሰ ጡር አይሆንም። አቶቫኮን ፕሮጓኒል ውድ ነው፤ ከወጣሽ በኋላ ግን 7 ቀን ብቻ ነው የሚቀጥለው። የትኛውንም ብትወስጂ አጎበሩ አይቀርም።

ሞዴስ በየሱቁ ይገኛል። ፀጉርሽን ሹሩባ ተሠርተሽ ሂጂ፤ ጨውና ነፋስ የሚያሸንፈው የለም፣ ሲብስ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀሽ ቅቤ ሳይሆን ቀለል ያለ ዘይት ቀቢ። ቅቤ በዚያ ሙቀት ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም።

7. ገንዘብና ስልክ

ብር እዚያ ወረቀት ነው። ፓስፖርት፣ ቲኬትና የሚጠየቀውን ማስረጃ ይዘሽ ባንክሽ ሂጂና ለመንገደኛ የሚሸጠውን የውጭ ምንዛሬ መጠን፣ በእጅ ልትይዢ የሚፈቀድልሽን ጣሪያ፣ በውጭ አገር የሚሠራ የቅድመ ክፍያ ካርድ መኖሩን ጠይቂ፤ መመሪያው ስለሚለዋወጥ የጓደኛሽ ቁጥር አያገለግልም። ዶላሩን ስትቀበዪ ያረጀ፣ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ኖት መልሺ፣ እዚያ አይቀበሉሽም። ከገንዘቡ የመመለሻ ቲኬት የሚቀይርና 10 ሌሊት የሚያሳድር ያህል ለይተሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪ፤ ከተማው ካልተስማማሽ ነፃነትሽ ያ ነው።

ኬንያ ላይ ሁሉም ነገር በኤም ፔሳ ይከፈላል፣ ድንች የሚጠብሰው ሰውዬ ሳይቀር። ሲም ካርዱን ከመንገድ ሻጭ አትግዢ፤ ፓስፖርት ይዘሽ ከኩባንያው ሱቅ በስምሽ አስመዝግቢ። በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ መስመር ላይ ገንዘብ ማስቀመጥ ለሰው ኪስ መስጠት ነው።

ብዙዎች የሚጠመዱበት ደግሞ ይህ ነው፦ የባንክሽ የማረጋገጫ ኮድ የሚላከው በኢትዮጵያ ቁጥርሽ ነው። ሲሙን አውጥተሽ ከጣልሽው ወይም ሮሚንግ ሳታስከፍቺ ከወጣሽ ገንዘብሽ ባለበት ይቆለፋል። ከመነሳትሽ በፊት ሮሚንግ አስከፍቺ፣ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ያዢ፣ ዳታውን ግን በኢትዮጵያ መስመር ላይ ዝጊው።

8. ሻንጣና መነሻ

ፌስታል አትያዢ። ኬንያ በ2017፣ ታንዛኒያ በ2019 እ.ኤ.አ. የላስቲክ ከረጢት ከልክለዋል። ሽሮና በርበሬውን ክዳኑ በሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ ወይም በጨርቅ ከረጢት አድርጊ፣ ላዩ ላይም ምን እንደሆነ ጻፊበት። ድርቆሽ በወበቅ እርጥበት ይስብና በሳምንት ይሻግታል፤ ከያዝሽ ትንሽ ብቻ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ። ለጾም ግን ብዙ አትጨነቂ፦ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ፣ ቻፓቲ፣ ሩዝና አትክልት የዳርቻው ሰው የየቀኑ ምግብ ነው። ሶኬታቸው ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው የእንግሊዝ ዓይነት ስለሆነ አዳፕተር ያዢ።

ነጠላሽን አትተዪ። ስቶን ታውንና ላሙ የሙስሊም ከተሞች ናቸው፣ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል፤ የዋና ልብስ የሚለበሰው አሸዋው ላይ ብቻ ነው። ነጠላ ሲፈለግ ሻሽ፣ ሲፈለግ ሽርጥ፣ አውቶቡስ ውስጥ ብርድ ልብስ ይሆናል።

ከጎንደር አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን በረራ ከዓለም አቀፉ ጋር በአንድ ቲኬት አስቆርጪ። ለየብቻ ከተቆረጠና የጎንደሩ በክረምት ደመና ከዘገየ ያመለጠሽን ሁለተኛ በረራ ማንም አይተካልሽም። ለየብቻ መቁረጥ ግድ ከሆነ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት እደሪ። ከአዲስ አበባ ሞምባሳ በቀጥታ ይበረራል፣ ዛንዚባርም እንዲሁ።

9. የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት

ቀን ደርሰሽ ግቢ። ማታ የሚያደርስ ቲኬት ርካሽ ቢሆንም ልዩነቱ ለታክሲና ለሥጋት ይሄዳል።

ሰዓት ስትቀጥሪ ተጠንቀቂ። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለት እኛ የምንለው ሁለት ሰዓት ነው። ነጂው በእንግሊዝኛ «ኤይት» ካለ ግን የፈረንጁን 8 ሰዓት ማለቱ ነው፣ እሱም የእኛ ሁለት ሰዓት። በሁለቱ መካከል የሚቀላቀሉ ብዙ ናቸው። «ጠዋት ወይስ ማታ፣ በስዋሂሊ ወይስ በእንግሊዝኛ?» ብለሽ ጨርሺው።

አሸዋው ላይ ዕቃና የጀልባ ጉዞ የሚሸጡ ወጣቶች ይከተሉሻል። የጎንደር ልጅ እዚህ ላይ የሚጎዳት ጨዋነቷ ነው፤ እኛ ሰላምታ ካልጨረስን አንለያይም፣ እነሱ ደግሞ እያንዳንዱን መልስ እንደ ፈቃድ ይቆጥሩታል። «ሃፓና፣ አሳንቴ» በዪ፣ አይ አመሰግናለሁ ማለት ነው፣ ሳትቆሚም እለፊ። የምታድሪበትንና ብቻሽን መሆንሽን አትንገሪ። የጀልባ ጉዞ ስትፈልጊ በማደሪያሽ በኩል ያዢ፤ የሚንሳፈፍ ጃኬት መኖሩን ገንዘብ ሳትከፍዪ አይተሽ አረጋግጪ። መጠጥሽን ትተሽ አትነሺ። ጨለማ ሲሆን ባሕሩ ዳር ባዶ ነው፤ እስከ ምግብ ቤቱ አሸዋው ላይ መሄድ አቋራጭ ቢመስልም በመንገዱ ሂጂ።

ኢትዮጵያዊት በመሆንሽ የሚመጣ አንድ ነገር አለ። ኬንያና ታንዛኒያ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደው የሕገወጥ ስደት መስመር ስለሚያልፍባቸው ፖሊስ ኬላ ላይ መልክሽን አይቶ ወረቀት ሊጠይቅሽ ይችላል። የፓስፖርትሽን የፎቶ ገጽና የመግቢያ ማኅተሙን ኮፒ ሁልጊዜ በቦርሳሽ ያዢ፣ ዋናውን ለረጅም መንገድ ብቻ። ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ካላለፈ የምትከፍዪው ገንዘብ የለም፤ ከገፉሽ ናይሮቢ ወዳለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ እንደምትደውዪ በእርጋታ ንገሪያቸው። ቁጥሩን ከጎንደር ሳትነሺ በወረቀት ጻፊው። የአደጋ ጊዜ ስልክ በኬንያ 999 ወይም 112፣ በታንዛኒያ 112 ነው።

በእነዚህ አምስት ምሽቶች ሦስቱን ውጭ እራት ብዪ። በእግርሽ ሄደሽ በእግርሽ ተመለሺ። ሦስቱንም ጊዜ ልብሽ ካልረጋ ሌላ ማብራሪያ አትፈልጊ፤ ሰባተኛው ሌሊት ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ከተማ ሂጂ። ለቤት ሰው ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ በተወሰነ ሰዓት መልእክት ላኪ፤ በሰዓቱ ካልደረሳቸው ለማን እንደሚደውሉ የማደሪያሽን ስልክ ይዘው ይቅሩ።

ወደ ጎንደር ከተመለስሽ በኋላ የወባ መከላከያ መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ቀን ጨርሺ። በሚቀጥሉት ሳምንታት፣ ወር ሁለት ወር አልፎም ቢሆን፣ ትኩሳት ከያዘሽ ብርድ ነው ብለሽ አትተኚ። በዚያው ዕለት የደም ምርመራ አድርጊ፣ ለሐኪሙም ሳይጠይቅሽ ከባሕር ዳርቻ እንደመጣሽ ንገሪው። ጎንደር ከተማ የተቀመጠች ሴት ትኩሳት ሲይዛት ስለ ሞምባሳ የሚያስብ ሐኪም ጥቂት ነው።